ክርስቲያን ጠመንጃ ሊገዛ ይገባዋልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ለንስሐ አባት ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዳንዶቹ መልሳቸው በቀኖና መጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ ነው፤ ካህኑ ገልጦ ያነባል፥ ጠያቂውም ሰምቶ ይሄዳል። አንዳንዶቹ ግን ካህኑ የሚናገረው ቃል የአንድን ቤተ ሰብ ዕድሜ ሊያረዝም ወይም ሊያሳጥር እንደሚችል እያወቀ፥ በፍርሃትና በጸሎት የሚመልሳቸው ናቸው። ዛሬ የምንጽፈው ከነዚህ ከሁለተኞቹ ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም ቀድሞ ተጠይቀን በችኰላ ስለ መለስነው ጥያቄ ነው።

በጋምቤላ ክልል፥ በኑዌር ዞን፥ በዋንቶዋ ወረዳ ማታር የምትባል ከተማ አለች። ምድሯ ሜዳ ነው። በክረምት ውሃው ሞልቶ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ሰውም ከብትም ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። የደቡብ ሱዳን ድንበርም ቅርብ ነው። በዚያ አገር ከሚኖሩት ምእመናን አንዱ፥ የልጆች አባትና የከብት ባለቤት የሆነ ሰው፥ ወደ እኛ መጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ «አባቴ፥ አንድ ሰው ጠመንጃ ሊሸጥልኝ ነው። ጥይቱ ቀጭን ነው፤ መዝጊያው በእጅ እየተሳበ አንድ አንድ ጥይት የሚያጎርስ ነው። ለክንዴ እንዲስማማ ሰደፉን በአዲስ እንጨት ሊቀርጽልኝ፥ ማነጣጠሪያውን ሊያስተካክልልኝ፥ ስሜንም ሊጽፍበት ተስማምተናል። ዋጋው ከብት ነው። ልግዛው ወይስ ልተወው?»

እኛም ብዙ ሳናስብ «ልጄ፥ ጠመንጃ የሞት ዕቃ ነው፤ ክርስቲያን በእግዚአብሔር ይታመናል እንጂ በብረት አይታመንም» አልነው። ሰውየው መስቀል ተሳልሞ አመሰገነ። ወደ በሩ ከደረሰ በኋላ ግን ዞር ብሎ «አባቴ፥ እርስዎ በሚያድሩበት ግቢ በር ላይ የሚያድረው ዘበኛ ጠመንጃ አለውን?» ሲል ጠየቀን። ዘበኛው ጠመንጃ ነበረው። ሰውየው ሌላ መልስ ሳይጠብቅ ሄደ፤ እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ የመለስንለት ቃል እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት እንዳልነበረ አወቅን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለእርሱና እርሱን ለሚመስሉት ሁሉ እንደ ተከፈለ ዕዳ ቍጠሩልን።

አስቀድመን ልንረዳው የሚገባን የሰውየው ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በጅካዎና በላሬ ወረዳዎች መንደሮች ላይ አደጋ ጣሉ። ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናት ተወሰዱ፤ ከ2000 በላይ ከብት ተነዳ። አገሪቱም ሁለት ቀን የኀዘን ቀን አድርጋ ዋለች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከድንበሩ ማዶ በናስር ውጊያ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ነፍሱን ለማትረፍ ወደ ዋንቶዋ ወረዳ ተሰደደ። እንግዲህ በዚያ ሜዳ ላይ ልጆቹን አስተኝቶ የሚያድር አባት በሌሊት ኮቴ ሲሰማ የሚያስበው ምን እንደ ሆነ፥ ግንብ ባለው ግቢ የምናድር እኛ ልንፈርድበት አይገባንም። ድህነትን ሳያዩ ስለ ጾም፥ ወራሪን ሳያዩ ስለ ትዕግሥት መስበክ ቀላል ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ምን ያስተምረናል? የሚያስታጥቅ የሚመስል ቃል አለ፤ ትጥቅ የሚያስፈታ የሚመስል ቃልም አለ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ሠራተኞቹ በአንድ እጃቸው ሥራውን፥ በሌላው መሣሪያቸውን ይዘው ነበር (ነህ. 4፥ 17)። ጌታችንም በመጨረሻው ሌሊት ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሽጦ ይገዛ ዘንድ ለደቀ መዛሙርቱ ተናገረ፤ ሁለት ሰይፍ እንዳለ በነገሩትም ጊዜ እንደሚበቃ ነገራቸው (ሉቃ. 22፥ 36-38)። ይህ ከሆነ ገና ሌሊቱ ሳያልፍ ጴጥሮስ በዚያ ሰይፍ የባሪያውን ጆሮ ሲቆርጥ፥ ያው ጌታ ጆሮውን ፈወሰ፤ ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘ፤ ሰይፍ የሚያነሡም በሰይፍ እንደሚጠፉ አስታወቀ (ማቴ. 26፥ 52)። ልብ በሉ፤ ለዐሥራ አንድ ሰዎች ሁለት ሰይፍ ለጦርነት የሚበቃ ትጥቅ አይደለም። ያ ሰይፍ በተመዘዘ ጊዜም ያደረገው ነገር ቢኖር ጌታ የሚፈውሰውን ቍስል መጨመር ብቻ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን የሚቀርበው በኦሪት የተጻፈው ሕግ ነው። ሌባ በሌሊት ቤት ሲቆፍር ተገኝቶ ቢመታና ቢሞት በመታው ሰው ላይ የደም ዕዳ የለም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢሆን ግን የደም ዕዳ አለበት (ዘጸ. 22፥ 2-3)። ሌባው ያው ሌባ፥ ቤቱም ያው ቤት፥ መምቻውም ያው መምቻ ሳለ ፍርዱን የለወጠው ምንድር ነው? ብርሃን ነው። በጨለማ የገባው ለመስረቅ ይሁን ለመግደል ባለቤቱ አያውቅም፤ ጩኸቱንም የሚሰማ የለም። በቀን ግን ፊት ይታያል፥ ጎረቤት ይጠራል፥ ዳኛ አለ፥ የተሰረቀውም ይመለሳል። ከዚህ ሕግ የምንማረው ደም ማፍሰስ ሌላ መንገድ ሁሉ በተዘጋበት ሰዓት ብቻ ይቅር የሚባል እንጂ፥ ስለ ንብረት ብሎ የሚፈቀድ እንዳልሆነ ነው። የአገራችን የወንጀል ሕግም (1996 ዓ.ም.) በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ሲፈቅድ አደጋው በሌላ መንገድ የማይወገድ መሆኑን፥ መከላከሉም ከልክ አለማለፉን ይጠይቃል።

የቅዱሳን አባቶችም ትምህርት ሁለቱን ነገር አጣምሮ የያዘ ነው። ቅዱስ አምብሮስዮስ ስለ ካህናት ሥርዐት በጻፈው መጽሐፍ፥ ክርስቲያን ወንበዴ ቢመታው ነፍሱን ሲያድን ፍቅሩን እንዳያቆሽሽ መልሶ እንዳይመታ ያስተምራል። ይኸው አባት በዚያው መጽሐፍ፥ ወዳጁ ሲጎዳ እየቻለ ያላስጣለው ሰው ከጎጂው ጋር በበደል ይተካከላል ይላል። የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን አይጋጭም። አንዱ ስለ ራስ፥ ሌላው ስለ ባልንጀራ የተነገረ ነው። የገዛ ጉንጭን መስጠት ጽድቅ ነው፤ የሌላውን ጉንጭ አሳልፎ መስጠት ግን ጽድቅ አይባልም።

ይህን ነገር በሥራ የፈጸመው ሙሴ ጸሊም ነው። ይህ አባት አስቀድሞ የወንበዴ አለቃ ነበረ፤ ኋላ በአስቄጥስ ገዳም መነኰሰ። በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወራሪዎች ወደ ገዳሙ መምጣታቸውን በሰማ ጊዜ ወንድሞችን እንዲሸሹ ነገራቸው፤ እርሱ ግን ጌታ ስለ ሰይፍ የተናገረው በእርሱ እንዲፈጸም ብዙ ዘመን ሲጠብቅ መኖሩን ነግሯቸው ቀረ፤ ከጥቂት ወንድሞች ጋርም ተገደለ። እነሆ፥ ሰይፍ ያውቅ የነበረ ሰው ሰይፍ አላነሣም። ነገር ግን ይህን መንገድ በሌሎቹ ላይ እንደ ግዴታ አልጫነባቸውም፤ «ሽሹ» ብሏቸዋል። በአገራችንም አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ፥ ከጋምቤላ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ፥ በጠላት እጅ ተገድለው ነፍሳቸውን ለእምነታቸውና ለአገራቸው ሰጥተዋል። ሰማዕት የሚሰጠው የራሱን ነፍስ ነው። አባት ግን የአምስት ዓመት ልጁን ነፍስ በልጁ ፈንታ ሆኖ ለሰማዕትነት ሊያቀርብ አይችልም። እኛ ለዚያ ሰው በመለስንለት ጊዜ የሳትነው ይህን ነበር፤ የእርሱን ትዕግሥት የጠየቅን መስሎን የልጆቹን ደም ጠየቅነው።

«እንግዲያውስ ይግዛ በሉና ነገሩን ጨርሱ» የሚለን ሰው ቢኖር፥ ቆይ እንለዋለን። ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና፥ በጦርነት የገደሉትን አባቶች ከነፍሰ ገዳዮች እንዳልቈጠሯቸው ከተናገረ በኋላ፥ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢታቀቡ መልካም መሆኑን ይመክራል። ወንበዴዎችን ሊመክቱ የወጡትንም ምእመናን ከሆኑ ከቍርባን ያርቃቸዋል፤ ካህናት ከሆኑ ከክህነታቸው ይሽራቸዋል። ስለዚህ የአባቶች ሚዛን ይህ ነው፤ አንዳንድ ግድያ ከነፍስ ግድያ ወንጀል ሊለይ ይችላል፥ ንስሐ የማያሻው ግድያ ግን የለም። ልጁን ለማዳን የተኰሰ አባት ወደ ንስሐ አባቱ የሚመጣው እያለቀሰ እንጂ እየፎከረ አይደለም። ለካህን ደግሞ ነገሩ የተቈረጠ ነው፤ ሥጋውን ደሙን የሚፈትት እጅ ቃታ አይስብም።

አሁን ወደ ጋምቤላ ምድር እንመለስ፤ ጠመንጃ በዚያ አገር ረጅም ታሪክ አለውና ታሪኩ መምህር ነው። በአድዋ ዘመን በሠራዊታችን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበረ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ አገር የወጣው፥ መዝጊያው በእጅ እየተሳበ አንድ ጥይት ብቻ የሚያጎርሰው ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጋምቤላም ከካርቱም የሚመጣው መርከብ የሚቆምባት ከተማ ሆነች። በዚያው ዘመን አኙዋኮች የዝሆን ጥርስ እየሰጡ ከደጋው ነጋዴዎች ጠመንጃ ያገኙ ነበር። ጠመንጃ ቀድመው ስላገኙም ጦር ብቻ በያዙት ጎረቤቶቻቸው በኑዌሮች ላይ በረቱ፤ በ1904 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የእንግሊዝ ጦር ሳይቀር ሊወጋቸው ገብቶ ብዙ ሰው ሞተበት። ቆይቶ ግን ኑዌሮችም ጠመንጃ አገኙ። ከ1975 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ የሱዳን ነፃ አውጪ ጦር በኢታንግ አካባቢ በነበረ ጊዜ መሣሪያ በአገሩ በዛ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ጠመንጃ የገዛ ሰው ሁሉ «ራሴን ልጠብቅ» እያለ ነበር የገዛው። የአንዱ መጠበቂያ ግን የሌላው ማስፈራሪያ ሆነ፤ የፈራውም በተራው ገዛ፤ ያኛውም በፊት ከገዛው የሚበልጥ ፈለገ። ውጅግራን ምንሽር፥ ምንሽርን ክላሽ ተካው። ፍርሃቱ ግን ከቤት ቤት ዞረ እንጂ ከአገሩ አልወጣም። ጠመንጃ የሚገዛ ሰው እንግዲህ ለራሱ ቤት ብቻ የሚገዛ አይደለም፤ ለጎረቤቱ ልብም የሚያስገባው ነገር አለ። የደጋው ምእመንም ይህ አይመለከተኝም አይበል። በሬ ሸጦ ጠመንጃ መግዛት፥ በሠርግና በለቅሶ መተኰስ፥ በደም ለተፈላለገ ዘመድ መሣሪያ ማዋስ በሰሜኑም አገር የታወቀ ነው። ወደ ሰማይ የተተኰሰው ጥይት ተመልሶ የሚወርደው በምድር ላይ ነው፤ በማን ላይ እንደሚወርድ ግን ተኳሹ አይመርጥም።

የኑዌር ሕዝብ ስለ ደም ያለው ጥንታዊ ሥርዐትም ልንሰማው የሚገባን ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ ሰው የገደለ ኑዌር የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው የምድር ካህን ቤት ይሸሻል፤ ካህኑ ክንዱን በጦር ጫፍ ሰንጥቆ ደም እስኪያወጣለት ድረስም አይበላም፥ አይጠጣም። ደመኞቹ በዚያ ቤት ሊነኩት አይችሉም፤ ካህኑም በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሰ እስከ 40 ወይም 50 የሚደርስ ከብት ካሣ እንዲከፈል ይደራደራል። ይህን ሲሰማ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 የተጻፉትን የመማፀኛ ከተሞች የማያስታውስ ማን ነው? እግዚአብሔር የደምን ክብደት በሕዝቦች ሁሉ ልብ ጽፎታል።

ይህ ሥርዐት የቆመው ግን ገዳዩ ማን እንደ ሆነ በመታወቁ ላይ ነበር። ጦር ከሰው ክንድ ይወጣል፤ ወርዋሪው ይታያል፥ እርሱም የወጋውን ያያል። ሻሮን ሃቺንሰን የተባለች ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው የኑዌር ጥናት፥ ጠመንጃ ከበዛ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይህን ነገር እንዴት እንደ ተከራከሩበት ጽፋለች። በተኩስ መካከል የሞተውን ማን ገደለው? የማንስ ክንድ ይሰንጠቅ? በጥይት የሞተውን ሰው መብረቅ እንደ መታው ሰው የቈጠሩት ነበሩ፤ የጦር አለቆችም በመንግሥት ጦርነት የተገደለ ሰው ደሙ የሚያረክሰው የለም ማለት ጀመሩ። እኛም ከዚህ የምንረዳው የጠመንጃ ትልቁ አደጋ መግደሉ ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ ጦርም ይገድል ነበርና። ጠመንጃ ገዳዩን ከገደለው ሰው ፊት ያርቀዋል፤ ፊት ያላየ ዓይንም ለማልቀስ ይዘገያል። ቃየል የአቤል ደም ከምድር ሲጮህ ያልሰማ መሰለ፤ ከሩቅ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ጩኸቱን ላለመስማት ርቀቱ ይረዳዋል።

እንግዲህ ሰውየው ወደ ነገረን ጠመንጃ እንግባ። ስለ ጠመንጃው የነገረን ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ለየብቻ ይመረመሩ።

አንደኛ፤ ጥይቱ ቀጭን ነው አለ። ይህን ያለው ነገሩን ለማቅለል ነበር። ነገር ግን ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ ትቶ ጎልያድን የጣለው በወንዝ ጠጠር ነው (1ኛ ሳሙ. 17፥ 38-50)፤ ሞት ትልቅ በር አይፈልግም። በተራ ጠመንጃ ከሚተኰሱት ትንንሽ ጥይቶች አንዱ፥ 5.6 ሚሊ ሜትር የሚባለው እንኳ፥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በደጋ አገር ጥይቱን የሚያስቀር ተራራ አለ፤ በማታር ሜዳ ግን የሚያስቀረው የለም፤ ዒላማውን የሳተ ጥይት ወንዝ የወረደችውን ሴት ወይም ጥጃ የሚጠብቀውን ልጅ እስኪያገኝ ይሄዳል። ስለዚህ የጥይቱ ማነስ የኅሊናን ጥንቃቄ ሊያሳንስ አይገባም።

ሁለተኛ፤ መዝጊያው በእጅ የሚሳብ ነው አለ። በዚህስ ጥቂት ጥቅም እናያለን። ቃታው አንድ ጊዜ ተስቦ ሠላሳ ጥይት ከሚያፈስሰው መሣሪያ ይልቅ፥ ከአንዱ ጥይት እስከ ሁለተኛው ድረስ እጅ ወደ ኋላ ተመልሶ፥ መዝጊያ ተስቦ፥ ቀለህ ወድቆ፥ ሌላ ጥይት እስኪጎርስ ጊዜ የሚወስደው ይሻላል። ጊዜዋ አጭር ናት፤ ነገር ግን የሸሸውን ከመጣው፥ ሕፃኑን ከጐልማሳው ለመለየት፥ እጅንም ለመግታት ትበቃ ይሆናል። ዓላማው መከላከል ለሆነ ሰው ይህ መሣሪያ አያንሰውም፤ አነሰኝ ካለ ግን የሚያስበው መከላከልን ብቻ አለመሆኑን ራሱ መሰከረ።

ሦስተኛ፤ ለእኔ ተብሎ ይሠራልኛል፥ ስሜም ይጻፍበታል አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል፤ ልክና ጌጥ። ሰደፉ ለትከሻ ቢስማማ፥ ማነጣጠሪያውም ቢስተካከል ጥይቱ ወደ ታሰበው እንጂ ወዳልታሰበው አይሄድም፤ ይህ ጥንቃቄ ነውና አይነቀፍም። የተቀረጸው ጌጥና የተጻፈው ስም ግን ለምን ይሆን? ማንም በመድኀኒት ብልቃጥ ላይ ስሙን በወርቅ አያስጽፍም፤ በመቃብር መቆፈሪያ ዶማ ላይም ሐረግ አያስቀርጽም። ግድ ሆኖበት የሚይዘውን ዕቃ ሰው አያስጌጠውም፤ የሚያስጌጠው የወደደውን ነው። ጠመንጃውን የወደደ ሰው ደግሞ ሳያስበው የሚተኩስበትን ቀን መናፈቅ ይጀምራል። የወርቅ ጥጃውን የሠሩት መጀመሪያ የሰበሰቡት ጌጣቸውን ነበር (ዘጸ. 32፥ 2-4)።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አንድ ነገር እንደርሳለን። ጠመንጃ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ብረትና እንጨት አይደለም፤ ገና ባላየው ሌሊት፥ ገና ባላወቀው ሰው ላይ የሚሰጠውን ፍርድ አስቀድሞ ይገዛል። በዚያች ሌሊት ለማሰብ ጊዜ አያገኝም፤ ያን ጊዜ የሚተኩሰው ዛሬ የሆነው ሰውነቱ ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው በተኰሰ ጊዜ ሳይሆን በሚገዛበት ቀን ነው። ለንስሐ አባቶችም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው የሚከተለውን እንዲጠይቁ እናሳስባለን።

ስለ ልቡ፤ ቂም አለበትን? የሚፈልገው ደም አለን? መጠጥ ያሸንፈዋልን? ሲቈጣ እጁን ያነሣልን? ከነዚህ አንዱ ካለ መጀመሪያ እርሱ ይፈወስ፤ እስከዚያ አይግዛ። የታረቀ ሰው እንኳ በጠመንጃ ይፈተናል፥ ያልታረቀውማ ምን ይሆናል?

ስለ ሕጉ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፥ መግዛትንና መሸጥን ይከለክላል። በስውር የተገዛ ጠመንጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባለቤቱን ውሸት ያስተምረዋል፤ የሚደበቅበት እንጂ የሚጠበቅበት አይሆንም።

ስለ ቤቱ፤ ኦሪት አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም ወድቆ የደም ዕዳ እንዳያመጣበት መከታ እንዲያደርግ ታዝዛለች (ዘዳ. 22፥ 8)። ለሰገነት መከታ ከታዘዘ ለጠመንጃ እንዴት አይታዘዝም? ቍልፍ ያለው ሣጥን የሌለው፥ ጥይቱን ከጠመንጃው ለይቶ ማስቀመጥ የማይችል፥ ልጆቹ የማይደርሱበት ስፍራ የሌለው ሰው ልጆቹን ለማዳን ብሎ በልጆቹ ራስጌ ሞትን አይስቀል።

ስለ ጎረቤቱ፤ የገዛውን በምሥጢር ይዞ ብቻውን ይጠብቃልን፥ ወይስ ከሽማግሌዎችና ከመንደሩ ሰዎች ጋር በተራ ለሚደረግ ጥበቃ ያውለዋል? ሽማግሌና ፖሊስ የሚያውቁት መሣሪያ ለመንደሩ አጥር ነው፤ ማንም የማያውቀው ግን ለመንደሩ ስጋት ነው። ከብቱ ብቻ ቢነዳበት ተከትሎ ሄዶ እንደማይተኩስ፥ ነገሩን ለሕግና ለሽማግሌ እንደሚሰጥ በመስቀል ፊት ቃል ይግባ። ከብት ይመለሳል፥ ይተካልም፤ ነፍስ አትተካም።

ስለ ወራሹ፤ ብረት ከሰው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ገዢው በመልካም ሐሳብ ቢገዛው እንኳ ሐሳቡ ከእርሱ ጋር ይቀበራል፥ ጠመንጃው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የሚወርሰው ማን እንደ ሆነና ስጋቱ ባለፈ ጊዜ መሣሪያውን ለመንግሥት ለማስረከብ ፈቃደኛ መሆኑን አሁኑኑ ይወስን።

ይህን ሁሉ መርምሮ ቃል የገባ አባት፥ አደጋው እውነተኛ በሆነበት አገር፥ ጌጥ የሌለውን፥ ዝግ ብሎ የሚተኩሰውን መሣሪያ በሕግ ፈቃድ ቢገዛ ቤተ ክርስቲያን አታወግዘውም። ከነዚህ አንዱን እንኳ የማይፈጽም ቢሆን ግን አይግዛ፤ በዚያ ሰው እጅ ጠመንጃው ከወራሪው ይልቅ ለቤቱ የቀረበ ጠላት ነውና። የገዛውም ቢሆን ነቢዩ ዳዊት እንደ ተናገረው እግዚአብሔር ከተማውን ካልጠበቀ የጠባቂው ትጋት ከንቱ መሆኑን አይርሳ (መዝ. 126፥ 1)። ጠመንጃውን ቈልፎ፥ ጸሎቱን ሳይቈልፍ ይደር።

ለእኛ ለካህናት ደግሞ የሚቀር ሥራ አለ። ምእመናኑ ከስጋት የተነሣ ከብታቸውን በብረት ሲለውጡ ዝም ብለን «አትግዙ» ማለት፥ ወይም ዝም ብለን «ግዙ» ማለት ሁለቱም ከእረኝነት የራቀ ነው። ከኑዌሩም ከአኙዋኩም ከደጋውም ሽማግሌ ጋር ተቀምጠን ዕርቅ ማውረድ፥ ደም የተቃቡትን ማስማማት፥ በስጋት ወራት ከመንደሩ ሰዎች ጋር አብረን ማደር ይጠበቅብናል። የነብር ቆዳ የሚለብሰው የምድር ካህን በደመኞች መካከል ይመላለስ ከነበረ፥ የክርስቶስን መስቀል የያዝን እኛ በአጥር ውስጥ ተቀምጠን ልንቀር አይገባንም።

ያ ሰው ዳግመኛ ቢመጣ የምንመልስለት ይህን ነው። አስቀድመን ግን ስለ ዘበኛችን ጠመንጃ የጠየቀን እውነት መሆኑን እንነግረዋለን፤ ቀጥሎም ወደ ማታር አብረነው ወርደን ቤቱን፥ ልጆቹን፥ ጎረቤቶቹንም ካየን በኋላ ከእርሱ ጋር እንመክራለን። የሰላም አለቃ አምላካችን ማረሻና ማጭድ የሰይፍን ስፍራ የሚይዙበትን ዘመን ያቅርብልን፤ እስከዚያም ድረስ እጃችንን ከደም፥ ልባችንን ከቂም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።